ሸሚዙ እየተቃጠለ

«ይሄን ማን ነው የለጠፈው?» አለች ለቀብሩ ከሩቅ የመጣችው የሟቹ ልጅ፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተጣበቀውን ወረቀት በጥፍሯ እየፋቀች። ወረቀቱ ላይ በተንጋደደ ጽሕፈት «መደርደሪያ» ይላል።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በመጣ ወንበር ተጨናንቋል፤ ሰው ይገባል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይወጣል። ብርጭቆ አያልቅም። ለሟቹ ልብስ ስትተኩስ የከረመችው ሴት፣ ተኳሿ፣ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ብርጭቆ ከማጠብ በቀር ሌላ ሥራ ያላት አትመስልም። ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ ትደፋለች። የታጠበውንም መልሳ ታጥባለች።

«ማንቆርቆሪያው ላይ 'ማንቆርቆሪያ'፣ በሩ ላይ 'በር'! አርባ ዓመት ቋንቋ ያስተማረ ሰው ቤት ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት? አክስቴ! ማን ነው የለጠፈው?»

አክስትየዋ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው። ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው። ወንድማቸው ከታመሙ ጀምሮ ያስታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ከከበደ ቆይቷል።

«ምን?» አሉ።

«ወረቀቱን! ማን ለጠፈው?»

«እሱ ነዋ! ቀኝ እጁ አልታዘዝ ሲለው በግራው የጻፈው ነው። አታይም እንዴት እንደተንጋደደ? ላጪው ልጄ፣ ሰው ሳያይ ላጪው። ምን ይሉናል።»

ተኳሿ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው። ጽሕፈቱ የእሷ ነው። በቀኝ እጇ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ተጠንቅቃ የጻፈችው ነው። ከዚህ የተሻለ መጻፍ አትችልም። እንዲህ ቢባልባት ሌላ ጊዜ ደሟ ይፈላ ነበር፤ መልስም አታጣም። አሁን ግን ምንም አልተሰማትም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ድድ እንዴት ነው? ይነካሉ፣ የሌላ ሰው ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ መላ አካሏ እንዲያ ነው። ብርጭቆውን ደፋችና ሌላ አነሣች።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ወደዚህ ከተማ ስትመጣ፣ አፏ ውስጥ ይዛው የመጣችው ቋንቋ እዚህ አንድ ጣሳ ውሃ እንኳን አያስቀዳም ነበር። አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ እጥበት ክፍል ተቀጠረች። አንሶላ መተኮስ ምላስ አይጠይቅም። አለቃዋ ሲያዛት «እሺ» ትላለች፣ ሲጮህባት «እሺ»፣ የሌላውን ጥፋት በእሷ ሲያላክክም «እሺ»። ያላት ቃል ያ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀሚስ ብቻ እንዳላት ሴት፣ ለሥራም ለሰርግም እሱኑ ታወጣዋለች።

እሑድ እሑድ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ አንድ ሰው ለሠራተኛ ቋንቋ ያስተምራሉ ሲባል ሰምታ ሄደች። መምህሩ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያየችው ሸሚዛቸውን ነው፤ ላም አኝካ የተፋችው ይመስላል። ምን መማር እንደምትፈልግ በምልክት ጠየቋት። እሷም ግንባሯን ቋጥራ፣ የአለቃዋን የተቀሰረ ጣት አሳየቻቸውና ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

ገባቸው። «ለምን» አሉ።

«ለምን» አለች።

«ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው 'የት ነው' ነው፣ 'ስንት ነው' ነው። አንቺ ግን...» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ እሜቴ ለምን ሆነ።

አስተማሪ ብዙ ነው፤ እንደሳቸው ያለ ግን አላየችም። ተማሪው የሥራ ዕቃውን ያመጣል። ከዚያ መምህሩን ያዛል። እሳቸው የተባሉትን ያደርጋሉ፣ ያልተባሉትን አያደርጉም፣ ቢገደሉም አያደርጉም። ተራዋ ሲደርስ ካውያ ይዛ ሄደች። መምህሩ ሸሚዛቸውን አውልቀው በካናቴራ ቆሙ። «ዘርጋው» አለች፤ ዘረጉት። የአንቱታውን አነጋገር ገና አልደረሰችበትም ነበር። «ውሃ እርጭ» አለች፤ ረጩ። «ተጫን» አለች፤ ካውያውን የሸሚዙ ጀርባ ላይ አስቀምጠው ተጫኑ።

ቆሙ።

የሚቀጥለው ቃል ጠፋባት። ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው ከርማ፣ አፏ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ጭስ ወጣ። በገዛ ቋንቋዋ ጮኸች። ተማሪው ሁሉ ጮኸ። መምህሩ ካውያውን እንደያዙ ዓይን ዓይኗን እያዩ ቆመዋል፣ ሸሚዙ እየተቃጠለ።

«ጊዜ አለኝ» አሉ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ቃሉ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አታውቅም። «አንሳው! አንሳው አንተ ሰውዬ!»

አነሡት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እኔ ብነግርሽ ኖሮ ቃሉ የኔ እንደሆነ ይቀር ነበር» አሏት። «አሁን ያንቺ ነው።» ያን ሸሚዝ፣ የካውያ ቅርጽ ጀርባው ላይ እንደታተመ፣ ዓመቱን ሙሉ ለበሱት።

ዓመት ሳይሞላ ለአለቃዋ «ለምን?» አለችው። ሰውየው ግዑዝ ዕቃ ያናገረው ይመስል ደነገጠ። ዛሬ የመተኮሻ ክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት። በዚህ ቋንቋ ትከራከራለች፣ ትቀልዳለች፣ ሕልም ታያለች። የመምህሩን ሞት በስልክ ሲያረዷት ቃሉን ሰማችው። በዚህኛውም ቋንቋ፣ በእናቷም ቋንቋ ታውቀዋለች። በሁለቱም ምንም አላላትም። «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። እሱም የመምህሩ የድሮ ተማሪ ነው።

«እኔ እኮ» አለ ሻዩን እያማሰለ፣ «የመምህርን ጭንቅላት ግማሹን ላጭቼ የሸኘሁ ሰው ነኝ።»

«ምን አደረግህ?» አለች ልጅቱ። ከሁለት ቀን ወዲህ ቀና ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«በትምህርት ላይ ነዋ! 'ተቀመጥ' አልኳቸው፣ ተቀመጡ። 'ጎንበስ' አልኳቸው፣ ጎንበስ አሉ። ግማሹን እንደላጨሁ ሰዓቱ አለቀ። ተነሡ። 'ገና ነው' ማለት አቃተኝ። እያዩኝ፣ ቀስ እያሉ፣ ቃሉን እየጠበቁኝ በሩ ጋ ደረሱ። አልመጣም። ይኸው በዚያው ጭንቅላት አውቶቡስ ተሳፈሩ!»

«አስታውሳለሁ» አለች ልጅቱ። «ልጅ ነበርኩ። እናቴ በሩን አልከፍትም አለች። 'ሙሉውን ሰው ይዘህ ና' አለችው።»

ሳሎኑ ሳቀ። እትዬ የተባለውን ባይሰሙም ጥርስ ስላዩ «ለቅሶ ቤት ነው እንጂ!» ብለው ተቆጡ።

«እስከ መጨረሻው አልተለወጡም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ባለፈው ወር ልላጫቸው መጥቼ ፊታቸውን ውሃ ባስነካው፣ 'ቀዝቃዛ ነው!' ብለው አምባረቁብኝ።»

ልጅቱ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ማን አለ?»

«እሳቸው።»

«አባቴ ከታመመ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ዓይኑ ትሪ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ተኳሽ ጋ ሲደርስ ቆመ። «እሜቴ ለምን፣ አልነገርሻቸውም እንዴ?» አላት። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ። «እኔ የምታውቁ መስሎኝ ነው። በር ዘግተው ሲማሩ የከረሙት ከሷ ጋር ነው።»

ተኳሿ ትሪውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ልጅቱ ተከተለቻት።

«ልብስ ልትተኩስ ነው የምትመጣው አሉኝ አክስቴ።»

«ልብስም ተኩሻለሁ።»

«ወረቀቶቹስ?»

«የኔ ናቸው።»

ልጅቱ በጥፍሯ የፋቀችበትን ቦታ አየችና ዓይኗን መለሰች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሊታመም ሳምንት ሲቀረው ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? 'ለመንገደኛው ሁሉ ጊዜ አለህ፣ ለኔ ግን አንድም ቀን ጊዜ ኖሮህ አያውቅም' አልኩትና ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ታመመ። እሑድ እሑድ እደውል ነበር። አክስቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ይይዙለታል፣ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይተነፍሳል። ኋላ ተውኩት። ዝምታው ቅጣት መሰለኝ።»

ተኳሿ ቧንቧውን ከፈተች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች ልጅቱ። «ስሜን ጠርቶ ያውቃል?»

ውሃው ይወርዳል። ተኳሿ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ያኔ ሳሎን ውስጥ አዲስ እንግዶች ገብተው «ልጅቱስ የት አለች?» ሲሉ ተሰማ።

«ነገ ከቀትር በኋላ እሄዳለሁ» አለች ልጅቱ ፊቷን እየጠረገች። «ከመሄዴ በፊት ንገሪኝ።»

መምህሩ የወደቁት ባለፈው ዓመት፣ አንድ ማለዳ ከአልጋ ሲነሡ ነው። ሐኪም ቤቱ ነፍሳቸውን አተረፈ፤ ቀኝ እጃቸውንና ቃላቸውን ግን አልመለሰም። ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ለመመለስ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ተኳሿ ልትጠይቃቸው መጥታ ያን የተከፈተ አፍ አየች፤ አወቀችው። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የእሷ አፍ ነበር።

ከሰነበቱ በኋላ ወረቀትና ሙጫ ይዛ መጣች።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ለእትዬ «ልብስ ልተኩስላቸው» ትላለች። በሩን የሚዘጉት መምህሩ ራሳቸው ናቸው፤ ያፍሩ ነበር። ሥራው ያው የድሮው ሥራ ነው፣ ቦታ ተቀያይረው። አሁን የሚያዙት እሳቸው ናቸው፣ የምትታዘዘው እሷ። መስኮቱ ጋ ሄዳ ትገተራለች። ክፍሉ ይግማል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ «ክፈቺ» እስኪሉ ድረስ አትከፍትም። ሰው ግትር የሚላት ሴት ናት፤ ግትርነት አንድ ቀን ይጠቅማል። አንዴ ተናደው ጫማ ወረወሩባት። አነሣችና «ምንድን ነው የወረወሩብኝ?» አለቻቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። «ጫማ» አሉ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ሁሉ ነገር ጫማ ሆነ፤ ውሃውም ጫማ፣ ትራሱም ጫማ፣ እሷም ጫማ። ሲሳሳቱ ራሳቸው እየሳቁ ግድግዳውን በግራ እጃቸው ይደበድቡ ነበር። በስምንት ወር አርባ ያህል ቃል መለሱ።

አንድ ቃል ግን እምቢ አለ። የልጃቸው ስም።

ያን ቃል እሷ አይደለችም የመረጠችው። የልጅቱን ፎቶ ከመሳቢያ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ትምህርቱ በእሱ ይጀመራል፤ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይታገላሉ፣ አይሆንም፣ በእጃቸው «ይቆየን» ብለው ወደ መስኮቱና ወደ ጫማው ይሄዳሉ።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ግን ስሙ መጣ። ተኳሿ አየችው፤ ከሆዳቸው ተነሥቶ፣ ደረታቸውን አልፎ፣ ጫፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሄዳል። የግንባራቸው ሥር ተገተረ። እንባቸው ጉንጫቸውን ይዞ ወረደ፤ አይጠርጉትም፣ ከፎቶው ላይ እጃቸውን አያነሡም። የገዛ ሸሚዛቸው ሲቃጠል ቆመው የጠበቋት ሰው ናቸው። እሷ እንባ አይታ መጠበቅ አቃታት።

ስሙን እሷ ጠራችላቸው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መምህሩ አዩዋት። ቢናደዱ ይሻል ነበር፤ ጫማ ቢወረውሩ ይሻል ነበር። አልተናደዱም። ሸክሙን ሌላ ሰው እንደተቀበለው ሰው ሰውነታቸው ላላ። ፎቶውን መሳቢያው ውስጥ መለሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ፎቶውን አላወጡትም። በዐሥረኛው ቀን ሞቱ።

በለቅሶው አራተኛ ቀን ጠዋት እትዬ ተኳሿን ወጥ ቤት ውስጥ ያዟት። ጆሮ የከበደው ሰው ሹክሹክታ እንዴት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሰፈር ይሰማዋል።

«ልጅቱ ሌሊቱን አልተኛችም። 'ጠርተውሻል' በያት።»

«አልጠሯትም እኮ እትዬ።»

«ምን?»

«አልጠሯትም!»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች!» አሉ እትዬ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ቀና እስኪል። ከዚያ እጇን ያዙት። እጃቸው ደረቅና ቀላል ነው፣ የወፍ እግር ይመስላል። «ምን ትጎጃለሽ? አንድ ቃል ነው። እኔ ብላት አታምነኝም፤ እንደማልሰማ ታውቃለች። ባጠገቡ እየኖርኩ ሲናገር ያልሰማሁ ሰው ነኝ።» እጇን ጠበቅ አደረጉት። «አንቺን ታምንሻለች።»

እትዬ ሲወጡ ተኳሿ ከመታጠቢያው ጋ ቆማ ቀረች። እውነት ነው፣ አንድ ቃል ነው። ልጅቱ አንድ ቃል ይዛ ትሄዳለች፣ እትዬ ያርፋሉ፣ እሷም ያደረገችውን ማንም ሳያውቅባት ይቀራል። ከሁሉ የከበዳት ይህኛው ነው። «ጠርተውሻል» ብትል ሁለተኛ ጊዜ በሰውየው አፍ ልትናገር ነው። አሁን ደግሞ ፊታቸውን እንኳን ማዞር አይችሉም።

እጇን አደረቀች። ጣቶቿ መድረቃቸው አልተሰማትም።

ከምሳ በኋላ፣ ልጅቱ በአባቷ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋ ተዘግቶ እግሯ ሥር አለ። ተኳሿ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«አልጠሩሽም» አለች።

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፣ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው። «ይሁን» አለች። «ይሁን፣ ይገባኛል።»

«አይገባሽም። ልጨርስ። ሊጠሩሽ ነበር። ደርሶ ነበር። እኔ ነጠቅኳቸው።»

«እንዴት ነው ስም የሚነጠቀው?»

ተኳሿ ነገረቻት። ቅዳሜውን፣ ሰዓቱን፣ እንባውን። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ ደረቅ ሆነው ወጡ፤ በሥራዋ ቦታ ስለተቀደደ አንሶላ የምታስረዳ ይመስል ነበር። ድምፅዋ አልተሰበረም። መሰበር እንዳለበት ታውቃለች፤ ግን አልተሰበረም። «አሳዘኑኝና ስምሽን እኔ አልኩት» አለች። «ብታገሥ ኖሮ ይሉት ነበር። ባይሉትም የራሳቸው ነበር። ብትረግሚኝ አልፈርድብሽም።»

ከሳሎን የወንበር እግር ሲጎተት ይሰማል።

«ስንት ጊዜ ነው የሞከረው?» አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

«ሁልጊዜ። ሌላ ቃል ሳንነካ ፎቶሽን ነው የሚያወጡት።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ስምንት ወር።»

«ስምንት ወር» አለች ልጅቱ። «እኔን?»

«አንቺን።»

ልጅቱ የተቀመጠችበትን አልጋ በመዳፏ ዳበሰችው፣ እዚያ ሰው ይኑር አይኑር የምታጣራ ይመስል። ዓይኗ ደረቅ ነው። የሁለቱም ደረቅ ነው።

«እስከ የት ደረሰ?» አለች። «ስሜን። እስከ የት ድረስ መጣለት? አሳዪኝ።»

ተኳሿ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከንፈሯን ገጠመች፤ ጥብቅ አድርጋ፣ ጫፉ ነጭ እስኪሆን። ስሙ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ድምፅ ከመውጣቱ በፊት ከንፈር ይገጥማል። ትንፋሿን ከኋላው አጠራቀመች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህን እሷ አላደረገችውም፣ በራሱ ነው።

ልጅቱ እጇን ዘረጋች። ሁለት ጣቶቿን የተገጠመው ከንፈር ላይ አሳረፈች።

ከውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው «ታክሲው መጥቷል!» አለ። ልጅቱ ጣቶቿን አላነሣችም። ተኳሿም አፏን አልከፈተችም።